ሳይሰሙ ተፈርዶ ንብረት ሲያዝ፦ የሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 78 እንደ አገልግሎት ሲመዘን

በሌሉበት ተፈርዶብዎ ቤትዎ ታግዷል፤ ወይም በሩ ላይ የሐራጅ ማስታወቂያ ተለጥፏል። ሰው ሁሉ የየራሱን ምክር ይሰጣል፤ አንዱ ይግባኝ በሉ ይላል፣ ሌላው ፍርዱን ለሚያስፈጽመው ችሎት፣ ማለትም ለአፈጻጸም ችሎቱ አመልክቱ ይላል፣ ሌላው ከፍርድ ባለመብቱ (ከተፈረደለት ሰው) ጋር ታረቁ ይላል። ለአብዛኛው ሰው ግን ትክክለኛው በር በ1958 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 78 ነው፤ ፍርዱን የሰጠው ፍርድ ቤት ራሱ ፍርዱን አንስቶ ተከሳሹን እንዲሰማ የሚጠየቅበት አቤቱታ። እዚህ የምንመዝነው ይህን አገልግሎት ነው፣ በፌዴራል ፍርድ ቤቶች እንደሚሠራበት። ድምዳሜያችንን ከወዲሁ እንናገር፦ መብቱ ሰፊ ነው፣ ጊዜው አጭር ነው፣ ውጤቱን የሚወስነው ደግሞ በአብዛኛው መዝገቡ ውስጥ ያለች አንዲት ወረቀት ናት፤ መጥሪያው ለተከሳሹ እንደደረሰ የሚያሳየው ማረጋገጫ።

መጀመሪያ ምን እንደሚሰጥ እንይ። ተከሳሹ መከላከያ መልሱን ባለማቅረቡ ወይም በቀጠሮው ቀን ባለመቅረቡ ጉዳዩ ሳይሰማ ከተፈረደበት፣ ፍርድ መኖሩን ባወቀ በአንድ ወር ውስጥ ማመልከት ይችላል። ምክንያቱም ከሁለት አንዱ ይበቃል፦ መጥሪያው በአግባቡ አልደረሰኝም፣ ወይም ደርሶኝ ነበር ግን ለመቅረብ የከለከለኝ በቂ ምክንያት ነበረኝ። ከሁለቱ አንዱ ከተረጋገጠ ፍርድ ቤቱ ፍርዱን አንስቶ ክርክሩ የሚቀጥልበትን ቀን ይቀጥራል። ሲያነሳም ያለ ቅድመ ሁኔታ ላያነሳ ይችላል፤ ለሌላው ወገን ኪሳራ (የክርክር ወጪ) ክፈል፣ ወይም ይህን ያህል ገንዘብ በፍርድ ቤት አስይዝ ሊል ሥልጣን አለው። ፍርዱ ተነጣጥሎ ሊነሳ የማይችል ከሆነ ለሌሎቹ ተከሳሾችም አብሮ ሊነሳላቸው ይችላል፤ ወንድማማቾች በአንድ የውርስ ቤት ጉዳይ አብረው ተከስሰው አንዱ ብቻ ውጭ አገር ሲሆን ይህች ነጥብ ትጠቅማለች።

አንድ ወሩ የሚቆጠረው ፍርዱ ከተሰጠበት ቀን ሳይሆን ተከሳሹ ካወቀበት ቀን መሆኑ የአገልግሎቱ ትልቁ ጥንካሬ ነው። ፍርዱ ሁለት ዓመት አልፎት ባለቤቱ ከዋሽንግተን ወይም ከቴል አቪቭ ሲመጣ ቢያውቀው በሩ አልተዘጋም። ችግሩ «መቼ አወቅህ?» የሚለው ጥያቄ ላይ ነው። የፍርድ ባለመብቱ ጠበቃ መልስ ሲሰጥ በቅድሚያ የሚያነሳው ይህንኑ ነው፤ የአፈጻጸም መዝገቡን ገልብጦ የተከሳሹ ተወካይ የፈረመበትን ወረቀት፣ ለቤቱ ግምት መሐንዲስ ሲመጣ በር የከፈተውን ሰው ስም፣ የእግዱ ደብዳቤ በግልባጭ የደረሰበትን ቀን ይዞ ይቀርባል። ስለዚህ አመልካቹ ያወቀበትን ቀንና ያወቀበትን መንገድ በማስረጃ ማሰር አለበት። ለምሳሌ እህቱ ለካርታ ጉዳይ ክፍለ ከተማ ሄዳ «እግድ አለበት» ተብላ ከሆነ፣ የሄደችበትን ቀን የሚያሳይ ደብዳቤ ወይም ማመልከቻ ይያያዝ፤ እሷም በምስክርነት ትቆጠር። «በቅርቡ ነው የሰማሁት» የሚል ዓረፍተ ነገር ብቻውን ምንም አይሠራም።

ወሩን ስትቆጥሩም አትቅበጡ። 30 ቀን ብላችሁ ቁጠሩ፣ ጳጉሜንን ከቁጥር አታውጡ፣ የመጨረሻዋን ቀን አትጠብቁ። ቀኑ በክረምቱ የፍርድ ቤት እረፍት ላይ ከዋለ ተረኛ ችሎት ወይም ሬጅስትራር ዘንድ አስመዝግቡ እንጂ መስከረምን አትጠብቁ።

ወደ ዋናው ሥራ እንግባ። ጠበቃ ከመያዝም፣ አቤቱታ ከማስጻፍም በፊት መዝገቡን ማየት ይቀድማል። የእግዱ ደብዳቤ ወይም የሐራጁ ማስታወቂያ ላይ ያለው ቁጥር ብዙ ጊዜ የአፈጻጸም መዝገቡ ነው፤ እሱን አስወጥቶ ከውስጡ የዋናውን ፍርድ መዝገብ ቁጥር ማግኘት ይቻላል። ከዋናው መዝገብ የሚያስፈልጉት ግልባጮች የክሱ ማመልከቻ፣ መጥሪያው እንዲደርስ የታዘዘበት ትእዛዝ፣ የመጥሪያው ማድረሻ ማረጋገጫ፣ ጉዳዩ ተከሳሽ በሌለበት እንዲታይ የተባለበት ትእዛዝ እና ፍርዱ ናቸው። ብዙ ሰው ፍርዱን ብቻ አስገልብጦ ይወጣል። ፍርዱ ውስጥ ያለው «ተከሳሽ መጥሪያ ደርሶት ስላልቀረበ» የምትል አንዲት መስመር ናት፤ የሚከራከሩበት ነገር ያለው ከዚያ በፊት ባሉት ገጾች ነው።

የማድረሻ ማረጋገጫዋን ስታነቡ እነዚህን ፈልጉ። መጥሪያውን ያደረሰው ማን ነው? በእኛ አገር አሠራር ከሳሹ ራሱ መጥሪያውን ወስዶ «አድርሻለሁ» ብሎ በቃለ መሐላ መመለሱ የተለመደ ነው፤ ይህ ሲሆን የማረጋገጫው ክብደት ሌላ ማስረጃ ሲቀርብበት በቀላሉ ይነቃነቃል። የተቀበለው ማን ነው? ተከሳሹ ራሱ፣ ወኪሉ ወይም አብሮት የሚኖር አዋቂ የቤተሰብ አባል ከሆነ አንድ ነገር ነው፤ ተከራይ፣ የግቢ ዘበኛ ወይም «ጎረቤት ነኝ ያለ ሰው» ከሆነ ሌላ ነው። ፊርማ አለ? የቤት ቁጥርና ወረዳ ተጽፏል? «አልቀበልም ብሏል» ከተባለ ይህን የተመለከቱ ሰዎች ስምና ፊርማ አለ፣ ወረቀቱስ በሩ ላይ ተለጥፏል ተብሏል? ቀኑስ? መጥሪያው ደርሶ መልስ ለማቅረብ የማይበቃ ጊዜ ብቻ ቀርቶ ከነበረ ይህም ራሱን የቻለ ጉድለት ነው፤ ሕጉ በቁጥር 70 መጥሪያ በትክክል መድረሱ ካልተረጋገጠ ሌላ መጥሪያ እንዲወጣ፣ ደርሶ ጊዜው ያጠረ ከሆነ ደግሞ ቀጠሮው እንዲተላለፍ ነው የሚያዘው።

ውጭ አገር ለሚኖር ሰው የተለየ ምዕራፍ አለ፤ የጋዜጣ ጥሪ። ከሳሹ «የተከሳሹ አድራሻ አይታወቅም» ብሎ ያመለክታል፣ ፍርድ ቤቱ በቁጥር 105 መሠረት በምትክ አደራረስ በጋዜጣ እንዲጠራ ያዛል፣ ጥሪው ይወጣል፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለ ሰው ግን አያነበውም። ወረቀቱ ላይ ሥርዓቱ የተሟላ ይመስላል። የጋዜጣ ጥሪ ግን በሌላ መንገድ ማድረስ ሳይቻል ሲቀር የሚወሰድ የመጨረሻ አማራጭ ነው። ከሳሹ አድራሻውን እያወቀ ደብቆ ከሆነ ማስረጃው ብዙ ጊዜ ከእጅ አይርቅም፦ የውጭ አገር አድራሻ ያለበት የቀድሞ ውል፣ የሐዋላ ደረሰኝ፣ ክሱ በቀረበበት ወቅት የተላላካችሁት የቫይበር፣ የዋትስአፕ ወይም የቴሌግራም መልእክት። መልእክቱ ቀኑና የስልክ ቁጥሩ እንዲታይ ሆኖ ይታተም። «ከሳሽ አድራሻዬን ያውቃል» ብቻ ካላችሁ የቃል ክርክር ነው፤ ክሱ በተከፈተበት ወር «ቤቱን መቼ ነው የምትሸጥልኝ?» ብሎ የጻፈላችሁን መልእክት ካያያዛችሁ ግን ፍርድ ቤቱ ፊት ያለው ሌላ ጉዳይ ነው።

በዚያን ጊዜ አገር ውስጥ አለመኖርን ለማሳየት ፓስፖርቱ ላይ ያለው የመግቢያና የመውጫ ማህተም ይበቃል፤ ፓስፖርቱ ተቀይሮ ከሆነ ኢሚግሬሽን የጉዞ ታሪኩን እንዲገልጽ ፍርድ ቤቱ እንዲያዝላችሁ መጠየቅ ነው።

ሁለተኛው ምክንያት፣ «ደርሶኝ ነበር ግን አልቻልኩም» የሚለው፣ ደካማው መንገድ ነው። በቀጠሮው ቀን ሆስፒታል ተኝቶ እንደነበር የሚያሳይ የሕክምና ማስረጃ፣ በእስር ላይ እንደነበር የሚገልጽ ደብዳቤ፣ የቅርብ ቤተሰብ ሞት፤ እነዚህ ይሠራሉ። የሕክምና ወረቀቱ ግን ያቺኑ ቀን መሸፈን አለበት፤ ከቀጠሮው ሦስት ቀን በኋላ የተጻፈ «የጨጓራ ሕመም አለበት» የሚል ወረቀት አያድንም። «ጠበቃዬ ቀጠሮ ተሳስቶ» የሚለውን ደግሞ ችሎቶች ደጋግመው የሚሰሙት ስለሆነ በቀላሉ አይቀበሉትም።

አቤቱታው ሲጻፍ አጭር ይሁን። ራሱ ላይ የፍርድ ቤቱና የችሎቱ ስም፣ የዋናው መዝገብ ቁጥር፣ «አመልካች (በዋናው መዝገብ ተከሳሽ)»፣ «ተጠሪ (ከሳሽ)»፣ ከዚያ «በፍ/ብ/ሥ/ሥ/ሕ/ቁ. 78 መሠረት የቀረበ አቤቱታ»። ፍሬ ነገሩ በአራት አንቀጽ ያልቃል፦ ፍርዱ መቼ ምን ብሎ እንደተሰጠ፤ መቼና እንዴት እንደታወቀ፤ መጥሪያው ለምን በአግባቡ አልደረሰም እንደሚባል ወይም በቂ ምክንያቱ ምን እንደነበር፤ የሚጠየቀው ዳኝነት። በቃለ መሐላ ይደገፍ፣ የማስረጃ ዝርዝር ይኑረው፣ ለተጠሪው የሚደርስ ተጨማሪ ቅጂ ይዘጋጅ፤ ምክንያቱም ሌላው ወገን ሳይጠራና መልስ ሳይሰጥ ፍርድ አይነሳም። ፍርድ ቤት በር ላይ ያሉ ጸሐፊዎች ቅርጹን አሳምረው ያውቁታል፤ ግን ዕዳው እንዴት ሐሰት እንደሆነ፣ ከሳሹ እንዴት ክፉ ሰው እንደሆነ አምስት ገጽ የመጻፍ ልማድ አላቸው። እዚህ ደረጃ ላይ ዳኛው የሚጠይቀው «ዕዳ አለብህ ወይ?» ሳይሆን «ለምን አልቀረብህም?» ነው። ዋናውን ክርክር በረቂቅ የመከላከያ መልስ አዘጋጅቶ አባሪ ማድረግ ግን ጥሩ ነው፤ ቁም ነገር ያለው ክርክር እንዳለ ያሳያል፣ ፍርዱ ሲነሳም ቀጠሮ ይቆጥባል።

ዳኝነት ስትጠይቁ «ፍርዱ ይነሳልኝ» ብላችሁ አታቁሙ። አቤቱታውን ማስገባት በራሱ አፈጻጸሙን አያቆምም፤ ሐራጁ በቀጠሮው ይካሄዳል። ስለዚህ በዚያው ቀን፣ በተለየ ማመልከቻ ወይም በዚያው ውስጥ ጎልቶ በሚታይ ርዕስ፣ ይህ አቤቱታ ውሳኔ እስኪያገኝ አፈጻጸሙ ታግዶ እንዲቆይና ትእዛዙ ለአፈጻጸም ችሎቱና ለፍርድ አፈጻጸም ዳይሬክቶሬቱ እንዲተላለፍ ይጠየቅ። የሐራጁን ማስታወቂያ ቅጂ አያይዙና ቀኑን በቀይ አስምሩበት። ዋስትና ካስፈለገ ምን ማቅረብ እንደምትችሉ ቀድማችሁ ተናገሩ፤ ቤቱ ራሱ ታግዶ መቆየቱ ለፍርድ ባለመብቱ በቂ መያዣ እንደሆነ መከራከርም ይቻላል። ከሁሉም በላይ ግን ከፍርዱ በፊት የተሰጠ የማስከበሪያ ወይም የእግድ ትእዛዝ ካለ እሱም እንዲነሳ ለይታችሁ ጠይቁ። ፍርዱ ሲነሳ መዝገቡ ወደ ክርክር ደረጃ ይመለሳል፤ የቀድሞው እግድ ደግሞ ማንም ካልነካው እዚያው ተጋድሞ ይቆያል።

ብዙ ገንዘብና ጊዜ የሚባክነው በተሳሳተ በር በመግባት ነው። የመጀመሪያው ስህተት አቤቱታውን ለአፈጻጸም ችሎቱ ማቅረብ ነው፤ ያ ችሎት ፍርዱ ትክክል ነው አይደለም አይልም፣ እንደተጻፈ ያስፈጽማል። ቤቱ በሌላ ከተማ ሆኖ አፈጻጸሙ ለዚያ ፍርድ ቤት በውክልና ቢላክም ማመልከቻው የሚቀርበው ፍርዱን ለሰጠው ፍርድ ቤት ነው። በፌዴራል ደረጃ ከ10 ሚሊዮን ብር በላይ የሆነ ክርክር በከፍተኛው ፍርድ ቤት፣ ከዚያ በታች ያለው በመጀመሪያ ደረጃ ስለሚታይ መዝገቡ ከየትኛው እንደመጣ፣ የትኛው ምድብ ችሎት እንደሆነም ፍርዱ ራስ ላይ ይታያል።

ሁለተኛው ስህተት በቀጥታ ወደ ይግባኝ መሮጥ ነው። የይግባኙ 60 ቀን የሚቆጠረው ከፍርዱ ቀን ስለሆነ ዘግይቶ ላወቀ ሰው ብዙ ጊዜ አልፏል፤ ጊዜው ያለፈበት ይግባኝ እንዲፈቀድ ማስፈቀጃ ማቅረብ ሊያስፈልግ ነው። ቢፈቀድም ይግባኝ ሰሚው የሚያየው በሥር መዝገብ ያለውን ማስረጃ ነው፤ እዚያ ውስጥ ያለው የከሳሹ ብቻ ነው። ያልተሰማ ሰው በይግባኝ ራሱን ማሰማት ይከብደዋል።

ሦስተኛው፣ ተከሳሽ ያልነበረ ሰው በዚህ ቁጥር ማመልከቱ ነው። ባል ተከሶ ተፈርዶበት የጋራው ቤት ሲታገድ ሚስት «መጥሪያ አልደረሰኝም» ብላ ብታመለክት መልሱ «መጀመሪያም አልተከሰስሽም» ይሆናል። የእሷ መንገድ ሌላ ነው፤ ፍርዱ መብቷን የሚነካ ከሆነና ገና ካልተፈጸመ የቁጥር 358 መቃወሚያ፣ ወይም የተያዘው ንብረት የእኔ ነው ለማለት በቁጥር 418 መሠረት ለአፈጻጸም ችሎቱ የሚቀርብ አቤቱታ። ፍርዱ የተገኘው በሐሰተኛ ሰነድ ወይም በሐሰት ምስክር መሆኑ በኋላ ከተደረሰበት ደግሞ ፍርዱ እንደገና የሚታይበት የቁጥር 6 ዳግም ዳኝነት አለ፤ ይህም የራሱ ጥብቅ መስፈርት አለው።

አራተኛው፣ ንብረቱ የተያዘው ገና ፍርድ ሳይሰጥ መሆኑን አለማስተዋል ነው። ከሳሽ «ንብረቱን ሊያሸሽ ነው» ብሎ በቁጥር 151 እና 152 መሠረት አስይዞ ከሆነ የሚነሳ ፍርድ የለም፤ በቁጥር 153 ዋስትና አቅርቦ ማስለቀቅ፣ ወይም ትእዛዙ ያለ በቂ ምክንያት እንደተሰጠ ማስረዳት ነው። ክሱ በሌሉበት መታየት ጀምሮ ፍርድ ላይ ካልደረሰ ደግሞ ቶሎ ቀርቦ በቁጥር 72 ምክንያትን አስረድቶ ክርክሩ ውስጥ መግባት ይቻላል፤ ከሁሉም ርካሹ መንገድ ይህ ነው። ማስታወቂያው የመጣው ከባንክ ከሆነስ? በአዋጅ ቁጥር 97/1990 ባንክ መያዣውን ያለ ፍርድ በራሱ ሐራጅ ሊሸጥ ስለሚችል ቁጥር 78 እዚያ ጥርስ የለውም።

ከውጭ ሆነው በወኪል ለሚያመለክቱ የውክልናው ይዘት ከባዱ ክፍል ነው። «ንብረቴን እንዲያስተዳድር» የሚል አጠቃላይ ውክልና ለክርክር አይበቃም፤ መክሰስ፣ መከሰስ፣ መከራከር፣ ይግባኝ ማለት፣ ጠበቃ መወከል፣ ገንዘብ ማስያዝ በግልጽ ይጻፍ። ኤምባሲ ወይም ቆንስላ ፊት የተሰጠ ውክልና አዲስ አበባ ሲደርስ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ተረጋግጦ ውልና ማስረጃ ይገባል፤ በውጭ አገር ኖታሪ የተሰጠ ከሆነ ደግሞ በዚያ አገር ባለሥልጣንና በኢትዮጵያ ኤምባሲ ማለፉ ይቀድማል። ይህ ሁሉ ከአንድ ወሩ ላይ ነው የሚበላው። ስለዚህ ፍርድ መኖሩን በስልክ የሰማ ሰው በዚያው ሳምንት ኤምባሲ ቀጠሮ ይያዝ፤ መዝገቡን የማስገልበጡ ሥራ አዲስ አበባ ካለ ጠበቃ ጋር ጎን ለጎን ይሂድ። የቀድሞው ውክልና አሁንም የሚሠራ ከሆነ ጊዜ ይቆጥባል፤ ነገር ግን ያው ወኪል መጥሪያ ተቀብሎ ዝም ብሎ ከሆነ ጉዳዩ ይበላሻል፤ ለወኪል የደረሰ መጥሪያ ለወካዩ እንደ ደረሰ ሊቆጠር ይችላልና። ለዚህ ነው የመጥሪያዋ ማረጋገጫ ላይ ያለውን ስም ሳያነቡ ወኪል መምረጥ የማይገባው።

ሐራጁ ከተፈጸመስ? እዚህ ላይ የአገልግሎቱ ውስንነት ይታያል። ፍርዱ ቢነሳም ቤቱን በሐራጅ የገዛ ሦስተኛ ወገን አለ፤ ሽያጩን ማፍረስ የራሱ አቤቱታና የራሱ ምክንያት ያስፈልገዋል፤ በሐራጁ አካሄድ ላይ የታየ ከባድ ጉድለት ወይም ማጭበርበር። ስመ ሀብቱ ወደ ገዢው ከዞረ በኋላ ጉዳዩ ዓመታት ይወስዳል፤ አንዳንዴም የሚቀረው ከከሳሹ ገንዘብ የመጠየቅ መብት ብቻ ነው። ከሐራጅ በፊት ለመጣ ሰው አምስት ኮከብ የምንሰጠውን አገልግሎት ከሐራጅ በኋላ ለመጣው ሁለት እንኳ መስጠት ይከብደናል።

ዋጋን በተመለከተ ከባዱ የፍርድ ቤቱ ክፍያ አይደለም። የጠበቃ አበል፣ የግልባጭ፣ የውክልና ማረጋገጫ፣ ፍርድ ቤቱ ሊጥል የሚችለው ኪሳራ፣ ካስያዙም በፍርድ ቤት የሚቆየው ገንዘብ ተደምሮ ይታሰብ። ከጠበቃ ጋር ስትዋዋሉ አበሉ እስከ ፍርዱ መነሳት ብቻ ነው ወይስ ከተነሳ በኋላ ያለውን ዋና ክርክርም ይሸፍናል የሚለውን በጽሑፍ አስፍሩ፤ ጠብ የሚነሳው እዚያ ላይ ነው። አቅም የሌለው ሰው በየምድብ ችሎቱና በሕግ ትምህርት ቤቶች የሚሰጠውን ነፃ የሕግ ድጋፍ ይጠይቅ፤ ለእንዲህ ዓይነቱ አጭር አቤቱታ በቂ ናቸው።

ትእዛዙ ከወጣ በኋላም ሥራው አላለቀም። እግድ የሚነሳው ችሎት ውስጥ ሲነበብ ሳይሆን ደብዳቤው ቤቱ ወደ ተመዘገበበት የመሬት ይዞታ ጽሕፈት ቤት፣ ሂሳብ ከሆነ ወደ ባንኩ፣ መኪና ከሆነ ወደ ትራንስፖርት ቢሮው ገብቶ ፋይሉ ላይ ሲሰፍር ነው። ደብዳቤው በሦስት ቅጂ ይውጣ፤ አንዱ ለጽሕፈት ቤቱ፣ አንዱ ለፍርድ አፈጻጸም ዳይሬክቶሬቱ፣ አንዱ የገቢ ማህተምና ቁጥር ተመቶበት እጃችሁ ላይ ይቅር። ከሳምንት በኋላ ተመልሳችሁ ፋይሉን አስወጥታችሁ እዩ፤ የድሮው የእግድ ደብዳቤ ላይኛው ገጽ ላይ፣ የማንሻው ደግሞ ገና «ገቢ» ክምር ውስጥ ሆኖ መገኘቱ የተለመደ ነው።